የአራተኛው ወንበር ሦስት ሰከንድ

ሰው አስተምሮኝ የማውቀው ሙያ የለኝም። ይህን የምለው ለማማረር አይደለም፤ ለመኩራት ነው። ሌሎች አራት ዓመት ወንበር አሙቀው የተነገራቸውን፣ እኔ የተጣለ ኮምፒውተር እየፈታሁ፣ እየገጠምኩ፣ እያቃጠልኩ፣ ደግሜ እየገጠምኩ ነው የደረስኩበት። የአምቡላንስ ጥሪ ማዕከሉ ሰርቨር ክፍል ስቀጠር፣ ከጀርባው ሰባት ሰርተፍኬት በፍሬም የሰቀለው ኢንጂነር «አንቺ የት ነው የተማርሽው?» ቢለኝ «ፍሬም በማይሸጥበት ሰፈር» አልኩት። አልሳቀም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በልቤ ባለፍሬሙ ነው የምለው።

ማዕከሉ ባለ ሁለት ፎቅ ነው። ላይ ስምንት ወንበር፣ ስምንት ስክሪን፣ ስምንት ማዳመጫ አለ፤ የሰው ጩኸት የሚቀበሉት እዚያ ነው። ታች የእኛ ክፍል ነው፤ መስኮት የለውም፣ ማቀዝቀዣው አያባራም፣ ውጭ ፀሐይ ሲያቃጥል እኔ ሹራብ ለብሼ እውላለሁ። ላይ ያሉት ስልክ የሚያነሱበት ፕሮግራም የራሱ ኮምፒውተር የለውም። የሚኖረው በእኛ ትልቁ ሰርቨር ሆድ ውስጥ፣ በቨርቹዋል ማሽን ነው።

ቨርቹዋል ማሽን ማለት ኮምፒውተር ነኝ ብሎ ራሱን ያሳመነ ፕሮግራም ነው። የኛው አራት ፕሮሰሰር፣ ማለትም አራት የሚያሰላ አንጎል፣ አለኝ ይላል። የለውም። አሉኝ የሚላቸው አራቱ፣ ከውጭ ለሚያያቸው አራት ክሮች ናቸው፤ በሙያችን ትሬድ እንላቸዋለን፤ እንደማንኛውም ሥራ ተሰልፈው ከእውነተኛው ፕሮሰሰር ተራ ይጠብቃሉ። ተራ ቢነፈጋቸው ውስጥ ያለው ማሽን አያውቅም። ራሱን ስቶ የወደቀ ሰው ምን ያህል እንደቆየ እንደማያውቀው ማለት ነው፤ ሲነቃ ካቋረጠው ቃል ይቀጥላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ማሽን ለምን እንደዘገየ ማወቅ የፈለገ፣ የውስጡንና የውጪውን ዱካ፣ ማለትም ማን መቼ እንደሠራና እንደቆመ የሚናገረውን መዝገብ፣ በአንድ ጊዜ ቀድቶ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አስተኝቶ ማንበብ አለበት።

ይህን የሚሠራ መሣሪያ እኔው ራሴ ጽፌ ነበር። ትልቁ ራስ ምታት ሰዓት ነው፤ የውስጡ ሰዓትና የውጪው ሰዓት አይገጥሙም። ሦስት ሳምንት ተፋልሜ ከሰከንድ ሚሊዮንኛ ክፍል ባነሰ ልዩነት ገጠምኳቸው። ባለፍሬሙ አይቶ «ይሄ ጥሩ ነው» አለ። ከእሱ አፍ ይህ እንደ ሽልማት ይቆጠራል። ቀላሉ ነገር፣ የትኛው ክር የትኛውን ፕሮሰሰር እንደሚሸከም ማዛመዱ፣ ሁለት መስመር ብቻ ወሰደብኝ።

አንድ ሰኞ ረፋድ ላይ አንድ ሰው አባቱ ወድቀውበት ደወለ። ስልኩ እስኪነሳ ሰባት ሰከንድ ፈጀ። ደንቡ አምስት ነው። አባትየው ተርፈዋል፤ ልጃቸው ግን አቤቱታ አስገባ። አልፈርድበትም። አባቱ ወለል ላይ ለተዘረጉበት ሰው ሰባት ሰከንድ ቀልድ አይደለም።

ጥሪው የደረሰው አራተኛው ወንበር ላይ ነው። እዚያ ቤት ሰው የሚጠራው በወንበሩ ቁጥር ነው፤ አራተኛው ላይ የሚቀመጡትን ሴትዮ ታናናሾቹ እትዬ አራት እንላቸዋለን። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ማዳመጫ አድርገዋል። «ስክሪኑ ቆመብኝ፤ ተቀበል የሚለውን ሦስቴ ተጫንኩት» አሉ። ችግሩ ከወር በፊትም ዘግይተው ይህንኑ ቃል መናገራቸው ነው። ሁለተኛ ጥፋት ማለት ደግሞ ከስልክ ተነስቶ መዝገብ ቤት መግባት፣ አቧራ ከፋይል ማራገፍ ነው። ጉዳዩ ዓርብ ሊታይ ተቀጠረ።

የማዕከሉ ኃላፊ፣ አንዲት ትልቅ ሴትዮ፣ ራሳቸው ወደ እኛ ክፍል ወረዱ። ብርዱ ስላላስቀመጣቸው ቆመው ነው ያነጋገሩኝ።

«ልጄ፣ ማሽኑ ቆሟል ወይስ አልቆመም? ባጭሩ።»

ዕድል ሆኖ በዚያ ሳምንት ለሌላ ጉዳይ ዱካ እየቀዳሁ ነበርና ያ ሰኞ ሙሉውን እጄ ላይ ነበር። ከሰዓት በኋላ ተቀምጬ ጨረስኩት። በዚያች ደቂቃ የአራተኛው ወንበር ፕሮግራም የሚሮጠው በሦስተኛው ፕሮሰሰር ላይ ነበር። የሦስተኛውን ክር ከውጭ አየሁት፤ ተራውን አላጣም፣ ማንም አልገፋውም፣ እንደ ውሃ ይፈስ ነበር። ሁለት ገጽ ጻፍኩና እንዲህ ብዬ ዘጋሁት፦ «መዘግየቱ ከማሽኑ አይደለም።» አጭርና ቀጥ ያለ። አረፍተ ነገሩን መልሼ መላልሼ እንዳነበብኩት አልደብቅም።

ረቡዕ እትዬ አራት መጡ። በሩን አላንኳኩም።

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«ዋሽታለች ብለሽ?»

«እንደዚያ አላልኩም። ማሽኑ አልቆመም ነው ያልኩት።»

«ታዲያ ማን ቆመ? እኔ?»

ወደ ስክሪኔ ዞርኩ። ከዱካ ጋር እንጂ ከሰው ጋር መከራከር አልወድም።

«ስሚ» አሉ፣ ሻርፓቸውን አጥብቀው እየጠቀለሉ። «ስክሪኑ ጥግ ላይ ሰዓት አለ። እየተጫንኩ አየዋለሁ። አሥራ አራት ሰከንድ ይላል። አሥራ አራት። አሁንም አሥራ አራት። ከዚያ አሥራ ሰባት። አሥራ አምስትና አሥራ ስድስት የት ገቡ? ኪሴን ትፈትሺ?»

«ሰው ሲደነግጥ ሰዓት የዘለለ ይመስለዋል፣ እትዬ።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰው ሲደነግጥ ስሰማ ነው የኖርኩት። አሁን አንቺ ስለ ድንጋጤ ልታስረጂኝ?» በሩ ላይ ደርሰው ዞር አሉ። «ጎበዝ ናት ይላሉ። ይሁን። ግን እስኪ አንድ ነገር ንገሪኝ፤ ይህን ወረቀት ከመጻፍሽ በፊት እኔን የጠየቅሽኝ መቼ ነው?»

መልሴን ሳይጠብቁ ሄዱ።

ተናደድኩ። ዱካውን መልሼ የከፈትኩት ለእውነት ብዬ አይደለም፤ አፋቸውን ለማስያዝ ነው። ተጨማሪ ማስረጃ አውጥቼ፣ ሦስተኛ ገጽ ጨምሬ፣ ዓርብ ዕለት ማንም እንዳይተነፍስ ላደርግ።

ከመዘግየቱ በፊት ያሉትን ጥቂት ደቂቃዎች አንድ በአንድ ሄድኩባቸው። የውስጡ ዱካ ሦስተኛው ፕሮሰሰር ሥራ አጥቶ እንደተኛ ይናገራል። ይህ የተለመደ ነው፤ ጥሪ ከሌለ ይተኛል። ውስጥ ያለው ፕሮሰሰር ሲተኛ ግን ውጭ ያለው ክርም ሥራውን ለቆ ዞር ማለት አለበት። ወደ ውጪው ዱካ ተሻገርኩ። ሦስተኛ ያልኩት ክር በዚያችው ቅጽበት ላቡ ጠብ እስኪል ይሠራል።

ተኝቷል የተባለው ሰውዬ መንገድ ላይ ሲሮጥ እያየሁት ነበር።

አንዴ ቢሆን የቅጂ ግድፈት ብዬ አልፈው ነበር። ቆጠርኩ፤ አሥራ ሁለት ጊዜ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሰዓቱን ነው፤ ሁልጊዜ በጣም የለፋንበትን ነው ቀድመን የምንጠረጥረው። ሰዓቱ ንቅንቅ የለበትም። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ ያቺ ባለ ሁለት መስመር ማዛመጃ።

የጻፍኩት እንዲህ ነበር፦ ክሮቹን በቁጥራቸው ደርድር፤ ትንሹን ቁጥር የያዘው አንደኛው ፕሮሰሰር ነው፣ ተከታዩ ሁለተኛው፣ እያለ ይቀጥላል። ማሽኑ ሲነሳ ክሮቹን በተራ ስለሚፈጥራቸው ይህ ይሠራል። አሥር ጊዜ አስነስቼ አሥር ጊዜ ሞክሬዋለሁ፤ አሥር ጊዜም ልክ ሆኗል። ነገር ግን የጥሪው ማሽን ከተነሳ ሁለት መቶ ቀን አልፎታል። ከሁለት ወር በፊት ደግሞ ለሌላ ማሽን ሙከራ አንድ ፕሮሰሰር ለግማሽ ቀን መዋስ አስፈለገን። ጥሪ ማቋረጥ ስለማይቻል፣ ማሽኑ እየሠራ ሁለተኛውን ፕሮሰሰር ነቅለን በኋላ መለስነው።

«ነቅለን» የምለው ለጨዋነት ነው። የነቀልኩት እኔ ነኝ። የመለስኩትም እኔ ነኝ።

የተነቀለ ፕሮሰሰር ክሩ ይሞታል። ሲመለስ አዲስ ክር፣ አዲስ ቁጥር ይዞ ነው የሚመጣው፤ ከሁሉም የሚበልጥ ቁጥር። ስለዚህ በእኔ ድርደራ ሁለተኛው ከሰልፉ ጭራ ቆመ። ሦስተኛው በሁለተኛው ቦታ ተቆጠረ፣ አራተኛው በሦስተኛው። ሦስተኛውን መረመርኩ ብዬ የፈረምኩት አራተኛውን መርምሬ ነው።

ከሁሉ የሚያቃጥለው ደግሞ ይህ ነው፤ መደርደር ጭራሽ አያስፈልግም ነበር። ማሽኑን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም የትኛው ክር የማን እንደሆነ ያውቃል፤ ለጠየቀው ሁሉ ይነግራል። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቅሁት። ዓይኔን ጨፍኜ ሳልገልጥ አራት መስመር መለሰልኝ፣ ክርና ፕሮሰሰሩን ስም በስም። ሁለት ዓመት ሙሉ አጠገቤ ቁጭ ብሎ «ማን ይጠይቀኝ» ሲል ኖሯል። እኔ ደግሞ ለመጠየቅ አልተፈጠርኩም። ልጅ ሆኜ የጠየቅኋቸው ሰዎች ወይ ስቀውብኛል ወይ «ይሄ ያንቺ አይደለም» ብለውኛል፤ ስለዚህ ገና በጠዋቱ መገመት ለመድኩ፣ ግምቴ ደግሞ ብዙ ጊዜ ልክ ስለሚሆን ዕውቀት ነው አልኩት።

በትክክለኛው ማዛመጃ ሰኞን ደግሜ አነበብኩ። እውነተኛው የሦስተኛው ክር ሁለት ሰከንድ ከዘጠኝ አሥረኛ ተራ ተነፍጎ ቆሟል። ተራ በሚጠብቅበት እውነተኛ ፕሮሰሰር ላይ የጥሪዎችን የድምፅ ቅጂ የሚያምቅ፣ ማለትም ቦታ እንዳይፈጅ የሚያሳንስ ሥራ ነበር፤ ከሁሉ ቅደም የሚል ፈቃድ ተሰጥቶት። ክሩ ሌላ ቦታ እንዳይሄድ ደግሞ እዚያው ተመድቦ ታስሯል። አሥራ አምስትና አሥራ ስድስት የገቡት እዚያ ነው።

ቤት ስገባ እናቴ እግሯን ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋለች። እናቴ የአንድ ትልቅ ሕንፃ በር ላይ የሴቶችን ቦርሳ ትፈትሻለች፤ ሙሉ ቀን ቆማ ነው የምትውለው።

«ፊትሽ ምን ሆኗል?» አለችኝ። «ሰርቨሩ ገላመጠሽ?»

«ተሳስቻለሁ፣ እማ።»

«አንቺ?» ሳቀች፤ ከዚያ አየችኝና ሳቋን ዋጠች። «ከባድ ነው?»

ነገርኳት። ስለ ክር ስነግራት ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች፤ ስለ ክሩ እንዳልገባት አውቃለሁ፤ ስለ ሴትዮዋ ስነግራት ግን መነቅነቋን ተወች።

«አዲስ ሪፖርት አወጣለሁ» አልኳት። «ተጨማሪ ምርመራ ተደርጎ እንዲህ ተገኘ እላለሁ። ተሳሳትኩ ማለት የግድ አይደለም። ሴትዮዋ ነፃ ይወጣሉ፣ እኔም...»

«አንቺም ጎበዝ እንደሆንሽ ትቀጥያለሽ።»

«ምን አለበት? ማን ይጎዳል? እዚያ ቤት እኮ እኔ ስሳሳት "ድሮስ ያልተማረች" ነው የሚባለው።»

እግሮቿን ከውሃው አወጣች። «እኔ ለምንድን ነው በገበያው በኩል ዞሬ የምመጣው?»

«አትክልት ስለሚረክስ ነዋ።»

«ሥራ በጀመርኩ ሰሞን» አለች፣ «አንዷን የልብስ መሸጫ ልጅ ዕቃ ይዘሻል ብዬ ሰው ፊት ቦርሳዋን ዘረገፍኩት። ዕቃው ሌላ ቦታ ተገኘ። ስህተት መሆኑን አለቃዬ ነገራት፤ እኔ አልነገርኳትም። ሱቋ በአቋራጩ መንገድ ላይ ነው። ስምንት ዓመቴ፣ በዚህ እግሬ፣ ዞሬ ነው የምመጣው።» ፎጣውን አንስታ መጥረግ ጀመረች። «አንቺና ሴትዮዋ እንግዲህ አንድ ሕንፃ ውስጥ ናችሁ። በየት ትዞሪያለሽ?»

ዓርብ ዕለት በጠባቡ መሰብሰቢያ ክፍል አራት ሰዎች ነበሩ። ኃላፊዋ፣ ባለፍሬሙ፣ ከሰው ኃይል የመጣ ብዕሩን እያስጮኸ የሚጽፍ ሰውዬ፣ እትዬ አራት። እትዬ አራት ጥሩ ቀሚስ ለብሰዋል፤ ለፍርድ የሚለበስ ዓይነት። ሪፖርቴ በየሰዉ ፊት ተቀምጧል።

«በሪፖርቱ መሠረት...» ብሎ ሰውዬው ጀመረ።

«ሪፖርቱ ስህተት ነው» አልኩ።

ብዕሩ ጮኸና ቆመ።

ሌሊቱን ያሰብኳቸው ቆንጆ ቆንጆ አረፍተ ነገሮች ሁሉ ጠፉብኝ። ዝም ብዬ እንደመጣልኝ ተናገርኩ። «ሌላ ክር ነው የመረመርኩት። ከሁለት ወር በፊት ራሴ የነቀልኩትን ፕሮሰሰር ረስቼ በግምት ደረደርኩ። መጠየቅ እችል ነበር፤ አልጠየቅሁም። ስክሪኑ ቆሟል። ሦስት ሰከንድ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው የተለቀቀው። እትዬ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፤ ሰዓቱም ከአሥራ አራት ወደ አሥራ ሰባት ዘሏል።»

ኃላፊዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «ያስቆመውስ ምንድን ነው?»

«የቅጂ ማመቂያው ሥራ። ከሁሉ እንዲቀድም ፈቃድ ተሰጥቶታል።»

«ማን ሰጠው?»

ይህን አላውቅም ነበር። አፌን ሳልከፍት ባለፍሬሙ እጁን በግማሽ አነሳ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ለቁጥጥር ቅጂዎቹ ቶሎ እንዲደርሱ ቅድሚያ ሰጠሁት፤ መልሼ ማንሳቱን ዘነጋሁ። ዛሬ አነሳዋለሁ።»

በቃ። ውጭ ዝናብ ጣለ እንደማለት ነው የተናገረው። እኔ ሁለት ቀን እንቅልፍ ያጣሁበትን እሱ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው። አስቀናኝ፣ ወዲያውም አናደደኝ፤ ባለ ሰባት ፍሬም ሰው ሲዘነጋ ዘነጋ ይባላል፣ እንደኔ ያለችው ስትዘነጋ ከየት እንደመጣች ነው የሚታወሰው። ይህን አሁንም አምናለሁ። ነገር ግን እሱ እጁን ሲያነሳ እትዬ አራት ያዩት እሱን አልነበረም፤ እኔን ነበር። ስለዚህ ንዴቴን ለሌላ ቀን አሳደርኩት።

«በዚህ መሣሪያሽ ያ ፕሮሰሰር ከተነቀለ ወዲህ ስንት ሪፖርት ወጥቷል?» አሉ ኃላፊዋ። ሞኝ ሴትዮ አይደሉም።

«ሰባት።»

«ሰባቱንም ትደግሚያለሽ። ለተላኩላቸው ሰዎች ደግሞ አንቺው ትደውያለሽ። ከእንግዲህም ኢንጂነሩ ሳያየው የሚወጣ ሪፖርት የለም።»

ጆሮዬ ጋለ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዳይደርስብኝ ስሸሸው የኖርኩት ነገር ይህ ነው፤ ሥራዬን የሚያይልኝ ሰው።

«እኔም ሰርቨሩ ላይ የምነካውን እሷ ሳታየው ባልነካ» አለ ባለፍሬሙ፣ ሪፖርቱን እያጠፈ። «ይሻላል መሰለኝ።»

«ይሁን» አሉ ኃላፊዋ፤ ስብሰባው አለቀ። የሰው ኃይሉ ሰውዬ ምን እንደጻፈ አላየሁም።

እትዬ አራትን ደረጃው ላይ ደረስኩባቸው። ወደ ላይ እየወጡ ነው፤ አልቆሙልኝም፤ እኔም ከኋላ እየተከተልኩ ነው የተናገርኩት።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ሰማሁ፤ እዚያም ብለሻል።»

«እዚያ ለስብሰባው ነው ያልኩት።»

ቆሙ። እጃቸውን የደረጃው ብረት ላይ አሳርፈው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ሦስት ቀን ልጆቼ ፊት መብላት አፈርኩ። ታውቂያለሽ? ትልቁ "እማዬ፣ ምናልባት ደክሞሽ ይሆን?" አለኝ። እኔን። እኔም ምናልባት ደክሞኝ ይሆን ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። እሱን ነው ይቅር የማልልሽ።»

አንድ ደረጃ ወደ ታች ወረድኩ።

«ላይ መጥተሽ ታውቂያለሽ?» አሉ ድንገት።

«ገመድ ልቀይር።»

«ነይ እስኪ። የምትመረምሪውን በዓይንሽ እይው።»

«ያ ቅድሚያ እኮ አሁን እየተነሳ ነው፤ ከእንግዲህ ስክሪኑ አይቆምም።»

«ካልቆመም ሳይቆም እይዋ።»

ማዳመጫቸውን አጠለቁ፤ ከጎናቸው ያለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እዚያ ይሞቃል፤ ሹራቤን አወለቅሁ። ለእኔ ሁለተኛ ማዳመጫ አልሰጡኝም፤ የምሰማው የእሳቸውን ድምፅ ብቻ ነው። «ይተነፍሳል? እጅዎን ደረቱ ላይ ያድርጉ። አይዝጉት፤ እኔ እዚሁ ነኝ።» ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለችውን ሰዓት አፍጥጬ አየኋት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ሳትዘል። እሳቸው ሲጫኑ ስክሪኑ ይታዘዛል። በአንድ ጥሪና በሌላው መካከል ውሃ ይጎነጫሉ፤ አንዳንዴ ግማሹን ሳይውጡ ሌላው ይመጣል። እኔ በቁጥር የማውቃት ሰከንድ ይህን ያህል ሰው እንደምትይዝ ከታች አይታይም ነበር።

ግማሽ ሰዓት ያህል ሆነ። አንዴም አልቆመም። ደስ ስላለኝ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ «አዩ? ሠራ!» አልኳቸው።

ፊታቸውን ሳያዞሩ አንድ ጣታቸውን አነሱ።

«ዝም በይ» አሉኝ በሹክሹክታ፤ «ሰው እያወራ ነው።»